ሕመምተኛዋ የት ነው የምትገኘው? የምርጫ ጥያቄ አዘጋጆች መመሪያ በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ሚዛን

በሕክምና ትምህርት ቤት እያስተማረ የምርጫ ጥያቄ ያላዘጋጀ መምህር ማግኘት ያስቸግራል። ጥያቄ እንዴት እንደሚዘጋጅ በሥርዓት የተማረ መምህር ማግኘት ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል። ብዙው መምህር ራሱ ተማሪ ሳለ የተፈተነበትን አኳኋን አስታውሶ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ ዐረፍተ ነገር መዝዞ፣ አራት ወይም አምስት አማራጭ አበጅቶለት ያስረክባል። በዚህ መንገድ የተሠራ ወረቀት ግን የአንድን ወጣት የብዙ ዓመታት ልፋት ይወስናል፤ ከዚያም አልፎ ነገ በአንድ ወረዳ ሆስፒታል ብቻውን ተረኛ ሆኖ የሚያድረው ሐኪም ማን እንደሚሆን ይወስናል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተዘጋጁት ጽሑፎች መካከል በሕክምና መምህራን ዘንድ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው፣ መቀመጫውን በፊላዴልፊያ ያደረገው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ፈታኞች ቦርድ ያሳተመው የጥያቄ አዘጋጆች መመሪያ ነው። ሱዛን ኬዝና ዴቪድ ስዋንሰን የጻፉት ይህ መጽሐፍ ሦስተኛ እትሙ ታርሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሲሆን፣ አራተኛው እትም በሌሎች አዘጋጆች ተሻሽሎ በ2016 ታትሟል። በነጻ የሚሰራጭ በመሆኑም የፈተና አዘገጃጀት ሥልጠና በሚሰጥበት ቦታ ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። ሕጎቹ፣ አንዳንድ ጊዜም የመጽሐፉ ስም ሳይጠቀስ፣ በሥልጠና ወረቀቶች ላይ ይሰፍራሉ። ይህን ያህል ተሰሚነት ያገኘ መጽሐፍ በአክብሮት ብቻ ሳይሆን በምርመራም መነበብ ይኖርበታል።

ቦርዱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ሐኪሞችን ይፈትን የነበረው በሐተታ መልስና በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሐተታውን ትቶ ወደ ምርጫ ጥያቄ ዞሯል። አንድን መልስ ሁለት አራሚዎች ሁለት የተለያየ ውጤት ሲሰጡት ፈተናው በዕድል ላይ እንደሚመሠረት ያየ ሁሉ ምክንያቱን አይስተውም። መመሪያውም የዚህ ረጅም ልምድ ፍሬ ነው፤ ጥንካሬውም ሆነ ድካሙ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

የመጽሐፉ ትልቁ ቁም ነገር አማራጮቹን በእጅ ሸፍኖ የጥያቄውን ግንድ ብቻ በማንበብ የሚፈተን ነው። ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ግንዱን ብቻ አይቶ መልሱን መናገር ከቻለ ጥያቄው ጥያቄ ነው፤ ካልቻለ ግን የተሰጠው ጥያቄ ሳይሆን በአንድ ርእስ ሥር የተደረደሩ አራት የእውነትና የሐሰት ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። «ኤክላምፕሲያን በተመለከተ ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል ያልሆነው የትኛው ነው?» የሚለውን ዓይነት ጥያቄ ያልተፈተነ የሕክምና ተማሪ ያለ አይመስልም። አማራጮቹ ከተሸፈኑ እዚህ የሚመለስ ነገር የለም። ሲገለጡም አንዱ ስለ እናቲቱ ዕድሜ፣ ሌላው ስለ ጉበት ኤንዛይም፣ ሦስተኛው ስለ መድኃኒት መጠን ያወራል፤ በአንድ ሚዛን ላይ የሚቀመጡ አይደሉም። ከዚህም በላይ ሐኪም በሥራው ላይ ትክክል ያልሆነውን ፈልጎ አያክምም።

ይኸው ጉዳይ በመመሪያው መንገድ ሲጻፍ መልኩ ይለወጣል። ፈተናው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ቢሆንም በአማርኛ እንዲህ ሊቀመጥ ይችላል፤ «የ34 ሳምንት እርጉዝ የሆነች የ22 ዓመት ሴት ብርቱ ራስ ምታትና የዐይን ብዥታ ለሁለት ቀናት ሲሰማት ከቆየ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በፊት መላ ሰውነቷን አንዘፍዝፏት ራሷን ሳተች። የደም ግፊቷ 170/115 ነው፤ በሽንቷ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሦስት መስቀል ነው። መንዘፍዘፉ እንዳይደገም ሊሰጣት የሚገባው መድኃኒት የትኛው ነው?» አማራጮቹ ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ዳያዜፓም፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ቢሆኑ ሁሉም የአንድ ወገን ናቸው፤ ሁሉም ለሚጥልና ለሚያንዘፈዝፍ ሕመም የሚታዘዙ ናቸው፤ ያላጠናው ተማሪ ከአንዱም ሊያርፍ ይችላል። ቁልፉም አያከራክርም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በበርካታ አገሮች የተካሄደ ትልቅ ጥናት ማግኒዚየም ሰልፌት ከዳያዜፓምም ከፌኒቶይንም እንደሚበልጥ አረጋግጧልና።

መመሪያው ብልጥ ተማሪ ሳያውቅ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች ሲዘረዝርም ዐይን ይገልጣል። ረጅሙና በጥንቃቄ የተጻፈው አማራጭ ብዙ ጊዜ መልሱ ነው፤ መምህሩ እንዳይከራከሩበት ሲል ትክክለኛውን አንቀጽ በማብራሪያ ያጥረዋልና። «ሁልጊዜ» እና «ፈጽሞ» የሚሉ ቃላት ያሉበት አማራጭ ብዙ ጊዜ ሐሰት ነው። በግንዱ ላይ ያለ ቃል በአንዱ አማራጭ ውስጥ ሲደገም መልሱን ይጠቁማል። «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚለውማ ሁለቱን ትክክለኛ ያወቀ ተማሪ ሦስተኛውን ሳያውቅ እንዲያልፍ የተከፈተ በር ነው። ስቲቨን ዳውኒንግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች የተፈተኑባቸውን አራት የመሠረታዊ ሳይንስ ፈተናዎች መርምሮ፣ ከጥያቄዎቹ ከ36 እስከ 65 በመቶ የሚደርሱት ይህን የመሰለ እንከን እንዳለባቸው አግኝቷል። በደህናዎቹ ጥያቄዎች 646 ተማሪዎች ሲያልፉ በእንከናሞቹ ያለፉት 575 ብቻ ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የፈተናዎቹ የአስተማማኝነት አኀዝ በእንከኑ ምክንያት ብዙም አለመለወጡ ነው። ኮምፒውተሩ «ደህና ፈተና ነው» ብሎ ሊመሰክር ይችላል፤ በወረቀቱ ምክንያት የወደቀው ተማሪ ግን አይታይም።

እስከዚህ ድረስ መጽሐፉ ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም። ችግሩ የሚጀምረው «ቀጥሎ ሊወሰድ የሚገባው ከሁሉ የተሻለው እርምጃ የትኛው ነው?» ከሚለው፣ መመሪያው ለክሊኒክ ትምህርት አብዝቶ ከሚመክረው የመሪ ጥያቄ ዓይነት ላይ ነው። መመሪያው የሕመምተኛን ታሪክ ለመጻፍ ባቀረበው ንድፍ ውስጥ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ፣ ዋናው ሕመምና የቆየበት ጊዜ፣ የቀድሞ ታሪክ፣ የአካል ምርመራና የላቦራቶሪ ውጤት በተርታ ተዘርዝረዋል። ቦታው ከነዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ነው። ለአሜሪካዊው ተፈታኝ «ወደ ድንገተኛ ክፍል መጣች» ማለት ከበስተጀርባው አልትራሳውንድ፣ የደም ባንክ፣ የቀዶ ሕክምና ቡድንና የጽኑ ሕሙማን ክፍል እንዳለ መናገር ነው። ቃሉ ብዙ ስለሚሸከም ብዙ ማለት አላስፈለገም። ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ግን ያው ቃል ከሪፈራል ሆስፒታል እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ ድረስ ያለውን ሁሉ ሊያመለክት ይችላል፤ መልሱም ከቦታው ጋር ይለዋወጣል።

የኤክላምፕሲያዋን ሴት እንደገና መውሰድ ነገሩን ያሳያል። ማግኒዚየም ሰልፌቱ ተሰጥቷታል፤ መንዘፍዘፉ ቆሟል፤ የደም ግፊቷም በመድኃኒት ቀንሷል እንበል። ቀጥሎ ምን ይደረግ? ሪፈራል ሆስፒታል ውስጥ ከሆነች መልሱ ልጁ የሚወለድበትን መንገድ ወስኖ ማዋለድ ነው። ከሆስፒታል 80 ኪሎ ሜትር በሚርቅ ጤና ጣቢያ ከሆነች ደግሞ መልሱ ሳይዘገዩ፣ ባለሙያ አብሯት ሆኖ፣ የተሰጠውን መድኃኒት መጠንና ሰዓት በወረቀት ጽፎ መላክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሙሉውን ሕክምና መስጠት በማይቻልበት ቦታ የመጀመሪያው የማግኒዚየም ሰልፌት መጠን ተሰጥቶ ሕመምተኛዋ ወዲያውኑ ወደ ተሻለ ተቋም እንድትላክ ይመክራል። ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው። ግንዱ ቦታውን ሳይናገር «ማዋለድ» እና «ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ» በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ፣ ልቡ በተመደበበት ጤና ጣቢያ ያለ ተማሪ ወድቆ፣ ልቡ በመማሪያ መጽሐፉ ያለው ያልፋል። ይህ የተማሪው ስሕተት አይደለም፤ የጥያቄው ነው። ከዚያም የከፋው ነገር ተማሪው ከፈተናው የሚማረው ነው፦ «ትክክለኛ» ሕክምና ማለት እርሱ በማይገኝበት ቦታ የሚሰጥ ሕክምና ነው ብሎ ይደመድማል።

መመሪያውን ተርጉሞ ወይም አሳጥሮ የሚያሠለጥን ሰው ስለዚህ ቦታን ከዝርዝሩ አውጥቶ የጥያቄው ማጠንጠኛ ሊያደርገው ይገባል። ሕመምተኛዋ የት ነው የምትገኘው? ምን መሣሪያ አለ? ቀኑ እሑድ ሌሊት ከሆነ ላቦራቶሪው ክፍት ነው? አምቡላንሱ አለ? ግንዱ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ከነገረ ጥያቄው አይረዝምም፤ ቁልፉ ግን ከክርክር ይድናል።

ከቦታ ጋር የተያያዘው ሌላው ጉዳይ ከውጭ የሚመጡ ዝግጁ የጥያቄ ስብስቦች ናቸው። ተማሪው የሚለማመደው በነርሱ ነው፤ ጊዜ ያጠረው መምህርም የሚቀዳው ከነርሱ ነው። በመመሪያው ሕግ ሲመዘኑ ብዙዎቹ እንከን የለባቸውም፤ ሆኖም በኢትዮጵያ ሐኪም ፊት የሚቀርበውን ሕመምተኛ አያውቁትም። ለምሳሌ የሚከተለውን ከነርሱ ዘንድ ማግኘት አይቀልም። «በአዲስ አበባ በቀን ሥራ የሚተዳደር የ19 ዓመት ወጣት ከሌሎች ስምንት ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል ያድራል። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከጀመረው አራት ቀን ሆኖታል፤ ዐይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ሁለት ጊዜ ነስሮታል። በደም ስሚር ምርመራ ጥምዝምዝ ባክቴሪያ ታይቷል። ፔኒሲሊን በተወጋ በሁለት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ብርድ አንቀጠቀጠው፤ ሙቀቱ 40.5 ደረሰ፤ ቀጥሎም የደም ግፊቱ ወረደ። የዚህ ምክንያት ምን ሊሆን ይችላል?»

መልሱ በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት፣ ማለትም ሪላፕሲንግ ፊቨር፣ በመድኃኒት ሲታከም የሚከተለው የያሪሽ ሄርክስሃይመር ምላሽ ነው። አሳሳቾቹ የፔኒሲሊን አለርጂ፣ የመድኃኒቱ አለመሥራት፣ አብሮ የነበረ ወባ ሊሆኑ ይችላሉ። እያንዳንዱ አሳሳች በእውነተኛ ሕይወት የሚሠራ ስሕተት ነው፤ አለርጂ ነው ያለው ሐኪም በሕመምተኛው ካርድ ላይ ዕድሜ ልክ የሚከተለውን ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ምላሹን የማያውቀውም መርፌውን ወግቶ ሕመምተኛውን ጥሎ ይሄዳል፤ አብሮት ሊቀመጥ፣ ግፊቱን ሊከታተል፣ ፈሳሽ ሊሰጠው የሚገባው በነዚያ ሰዓታት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ይህ በሽታ ከአፍሪካ ቀንድ በተሰደዱ ወጣቶች ላይ በጀርመን፣ በጣሊያንና በኔዘርላንድ ሲገኝ ለብዙ የአውሮፓ ሐኪሞች እንግዳ ነበር። በአዲስ አበባ ለሚማር ተማሪ ግን እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ጥያቄውንም ሌላ አገር ሊጽፍለት አይችልም።

ስለ ቋንቋው መመሪያው ዝም ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ የጻፉት ሰዎች ተማሪውና ሕመምተኛው አንድ ቋንቋ በሚናገሩበት አገር ናቸው። ግንዱ ይርዘም፣ አማራጩ ይጠር ይላል፤ ይህም በራሱ መልካም ምክር ነው። በአሜሪካው የፈቃድ ፈተና ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ጊዜ 90 ሰከንድ ያህል ነው። ያን ታሪክ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው የሚያነብ የጅማ ወይም የመቀሌ ተማሪ በዚያው ጊዜ ሲለካ የሚለካው ከሕክምና ዕውቀቱ ጋር የንባብ ፍጥነቱ ነው። ይህኛው ጊዜን በመጨመርና ከግንዱ ላይ የማያስፈልገውን ጌጥ በመቁረጥ ሊቃለል ይችላል። ሌላኛው ግን እንዲህ በቀላሉ አይቃለልም። በእንግሊዝኛው ግንድ ላይ ሕመምተኛው ሕመሙን የሚናገረው ተተርጉሞ፣ ተጣርቶ፣ የሕክምና ስም ወጥቶለት ነው። በምርመራ ክፍል ውስጥ ግን «ልቤን አጥወለወለኝ»፣ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» የሚሉ ሕመምተኞች ናቸው የሚቀርቡት። «ጨጓራዬ» ያለው የ60 ዓመት አዛውንት ልቡን ታሞ ሊሆን ይችላል። ያን ቃል ወደ ሕክምና ሐሳብ መመለስ የሐኪም ሥራ ግማሹ ነው፤ ፈተናው ግን ይህን ሥራ አስቀድሞ ሠርቶ ያስረክበዋል። የሕመምተኛውን ቃል በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ እንዳለ በእንግሊዝኛው ግንድ ውስጥ እናስገባ ቢባል ቋንቋውን የማይናገሩ ተማሪዎች ይጎዳሉ። በመሆኑም ይህ ክህሎት በምርጫ ጥያቄ ሳይሆን በአልጋ አጠገብ ፈተና መለካት ይኖርበታል። ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረበው የአራት እርከን ፒራሚድ መሠረት የምርጫ ጥያቄ «ያውቃል» እና «እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል» ከሚሉት ከሁለቱ የታችኛው እርከኖች ወዲያ አይወጣም።

የአማራጮች ቁጥር ስለሚባለው ነገር ብዙ ማለት አያስፈልግም። አምስት መሆን አለበት የሚለው ልማድ መሠረት የለውም፤ ማይክል ሮድሪጌዝ እ.ኤ.አ. በ2005 የ80 ዓመታት ጥናቶችን አሰባስቦ ሦስት አማራጭ እንደሚበቃ አሳይቷል። አራተኛውንና አምስተኛውን ለመፍጠር የሚባክነው የመምህራን ሰዓት ሌላ ጥያቄ ይጻፍበት።

የመመሪያው ትልቁ ዝምታ ስለ ጉልበት ነው። ቦርዱ ራሱ አንድ ጥያቄ ለውጤት ከመዋሉ በፊት በኮሚቴ ያስመረምረዋል፤ ከዚያም ነጥብ በማይያዝበት ሁኔታ በእውነተኛ ተፈታኞች ላይ ይሞክረዋል። በመጽሐፉ ያሉት ሕጎች የዚህ ረጅም ሰንሰለት የመጀመሪያ ቀለበት ናቸው፤ ሌሎቹ ቀለበቶች ስለሌሉት መምህር ግን መጽሐፉ እምብዛም አይናገርም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2012 አሥራ ሦስት አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ የተማሪው ቁጥር ከመምህራኑ ቀድሞ ሄዷል። ሦስት ኮርስ የሚያስተምር፣ ዋርድ የሚዞር፣ ሌሊት ተረኛ የሚያድር መምህር ፈተናውን በዋዜማው ቢጽፍ አይደንቅም። አምና የተሰጠው ጥያቄ ዘንድሮም ቢሰጥ፣ የአምናው ወረቀት ደግሞ ከፎቶ ኮፒ ቤት ቢገኝ አይደንቅም። ለእንዲህ ያለው መምህር ሕግ መጨመር ሸክም መጨመር ነው። የሚጠቅመው፣ በየክፍሉ ሁለትና ሦስት ባልደረቦች ለአንድ ሰዓት ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ጥያቄ ቁልፉን ሳያይ እንዲመልስ ማድረግ ነው። ጸሐፊው ከያዘው ቁልፍ የተለየ መልስ የሰጠ ባልደረባ ካለ ጥያቄው ወደ ተማሪ አይሄድም።

ፈተናው ካለፈ በኋላ የሚሠራውም ቢሆን ያን ያህል መሣሪያ አይጠይቅም። ከ100 ወረቀቶች ከፍተኛ ውጤት ያገኙትን 27 እና ዝቅተኛ ውጤት ያገኙትን 27 ለይቶ፣ አንዱን ጥያቄ ከየወገኑ ስንት ተማሪ እንደመለሰው መቁጠር ይበቃል። ከላይኞቹ 24፣ ከታችኞቹ 12 መልሰውት ከሆነ ልዩነቱ 12 ነው፤ ለ27 ሲካፈል 0.44 ይሆናል፤ ጥያቄው ጎበዙን ከደካማው ይለያል ማለት ነው። የታችኞቹ ከላይኞቹ በልጠው ከተገኙ ግን ተማሪውን ከመውቀስ በፊት ቁልፉን ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የተሳሳተው እርሱ ነው። ማንም ያልመረጠው አሳሳችም ቦታ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም።

የማለፊያ ነጥብን ጉዳይ ብዙ መምህራን የፈተና አዘገጃጀት አካል አድርገው አያዩትም፤ መመሪያዎቹ ግን ከተነሡበት ዓላማ ጋር በቀጥታ የሚያያዘው እርሱ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ወጥ ቁጥር ለአስተዳደር ይመቻል፤ ይሁንና ዘንድሮ ጥያቄዎቹ ቢከብዱ ደህና ሐኪም ይወድቃል፤ ለከርሞ ቢቀሉ ያልተዘጋጀው ያልፋል። ዊልያም አንጎፍ እ.ኤ.አ. በ1971 ያስተዋወቀው ዘዴ ይህን ለማስተካከል ዳኞች ስለ እያንዳንዱ ጥያቄ «ለማለፍ ከሚያስፈልገው ዕውቀት ጫፍ ላይ ካሉ 100 ምሩቃን ስንቱ ይመልሱታል?» ብለው እንዲገምቱ ያደርጋል። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የማስተማሪያ ሆስፒታል ስፔሻሊስቶች ብቻ ከተቀመጡ ግምታቸው እነርሱ በየቀኑ የሚያዩትን ይመስላል። ከወረዳ ሆስፒታል የመጣ፣ ትናንት ሌሊት በፋኖስ ብርሃን ያዋለደ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ቢጨመርበት ስለ ማግኒዚየም ሰልፌቱ ጥያቄ የሚሰጠው ቁጥር ምናልባት 95 ይሆናል፤ ስለ ብርቅዬው የጉበት ዕጢ ጥያቄ ደግሞ ሃያም ላይሞላ ይችላል፤ ለምን ፈተናው ውስጥ እንደ ገባም ይጠይቃል።